ሁለት እግር፣ አራት እግር ወይስ ጎማ? ለታሪካችሁ ፈጣን ሜክ ስትመርጡ

ሜክ ማለት ሰው ሆዱ ውስጥ ገብቶ የሚነዳው፣ በእግሩ የሚሄድ የጦር ማሽን ነው። በሳይንስ ፊክሽን ውስጥ ከባዱን መፍጠር ብዙም አያስጨንቅም። ብረት ትቆልላላችሁ፣ መድፍ ትሰቅላላችሁ፣ አለቀ። ጣጣው ያለው ቀላሉ ላይ ነው። ስስ ብረት የለበሰ፣ ሮጦ መትቶ ሮጦ የሚያመልጥ ሜክ ስታስቡ በእያንዳንዱ ኪሎ ከራሳችሁ ጋር ትጣላላችሁ።

ስለዚህ ነገሩን እንደ ገበያ እንየው። ልብወለድ የምትጽፉም ሁኑ ኮሚክ የምትሥሉ ወይም ጌም የምትሠሩ፣ ገዢዎች ናችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው 8 ቶን ነው። ከዚያ በላይ አንዲት ኪሎ ብድር የለም። የሜኩ ቁመት 4 ሜትር ተኩል፣ የእግሩ ርዝመት 2 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 3 ሜትር ይሁን። ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አካል ቀርቧል፦ ባለሁለት እግር፣ ባለአራት እግር፣ እና እግሩ ጫፍ ላይ ጎማ ያለው።

መጀመሪያ ስለ ፍጥነት

ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "በሰዓት ስንት ይሮጣል?" ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የመጀመሪያው ሜኬ ሥዕል ጥግ ላይ "120" ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ላም አለኝ በሰማይ! በቀጥታ መስመር የሚሮጥን ነገር መምታት ለዘመናዊ ታንክ ከባድ ሥራ አይደለም። ኮምፒውተሩ ርቀቱንና ፍጥነቱን ለክቶ አፈሙዙን ቀድሞ ያዞረዋል። የሚያስቸግረው ጥይቱ ከወጣ በኋላ አቅጣጫ የሚቀይር ዒላማ ነው።

በቁጥር እንየው። ብረት ለመብሳት የተሠራ የታንክ ጥይት በሰከንድ 1,600 ሜትር ገደማ ይበራል። ከ1 ኪሎ ሜትር ላይ ከተተኮሰ ሜኩ ጋ ለመድረስ 0.6 ሰከንድ ይበቃዋል። መሬቱ ደረቅ ሆኖ እግሩ ጥሩ አድርጎ ቢይዝ እንኳ፣ በዚያች ቅጽበት ሜኩ ወደ ጎን የሚሸሸው ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ግማሽ አካሉ አሁንም እዚያው አለ። ከ2 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ጊዜው እጥፍ ይሆንና 6 ሜትር ይርቃል። ጥይቱ አፈር ይበላል። ያውም ነጂው ብልጭታውን አይቼ እዘላለሁ ካለ አልቆለታል። ከመጀመሪያው እየተወናጨፈ መሮጥ አለበት።

በሽቦ የሚመሩት የቆዩ ፀረ ታንክ ሚሳኤሎች ደግሞ ሌላ ጨዋታ ናቸው። 3 ኪሎ ሜትር ለመብረር ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈጅባቸዋል። ተኳሹ እየመራ ስለሚያመጣቸው ወደ ጎን መዝለል ብቻውን አያድንም። ግን በ10 ሰከንድ ውስጥ ድንጋይ ኋላ መግባት ይቻላል።

ስለዚህ ስትገዙ ስንት ይሮጣል የሚለውን ተዉትና ሁለት ነገር ጠይቁ። ምን ያህል ቶሎ ይታጠፋል? ምን ያህል ቶሎ ይቆማል?

ባለሁለት እግሩ

ውበቱን ማንም አይክደውም። ሽፋን ላይ የሚወጣው እሱ ነው። በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል፣ በቆመበት ይዞራል። ሰጎንም በሁለት እግሯ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሰጎን "ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት" የምንለው በእውነቱ ቁርጭምጭሚቷ ነው። ጉልበቷ ከፍ ብሎ ላባው ውስጥ ተደብቋል። ጡንቻው በሙሉ ወደ ዳሌ ተጠግቶ የታችኛው እግር ጅማትና አጥንት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የወፍ እግር የምትሥሉ ከሆነ ይህን ቅዱ። ከባድ ሞተሮቹን ዳሌ ላይ ስቀሉ፣ እግሩን ከታች አቅልሉት። ጫፉ ላይ ሞተር የጫናችሁበት እግር ለመወዛወዝ ሰነፍ ይሆናል።

ደግሞ መራመድ የራሱ ጣሪያ አለው። የእግር ርዝመትና የመሬት ስበት ይወስኑታል። 2 ሜትር ተኩል እግር ያለው ሜክ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መሮጥ ይቀለዋል። ከ18 በላይ ደግሞ ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ሳይነሱ መሄድ አይችልም። ስለዚህ "ሜኩ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተራመደ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። እየሮጠ ነው። 8 ቶን በየእርምጃው አየር ላይ ይወጣና ይወርዳል።

የሚወርደውም መሬት ላይ ነው። መርገጫው ግማሽ ካሬ ሜትር የሚያህል እግር አስቡ። አንድ እግሩ ላይ ቆሞ እንኳ ካሬ ሜትሩን በ16 ቶን ይጫነዋል። ሲሮጥ የማረፊያው ጉልበት ከክብደቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ቢደርስ ወደ 40 ቶን ይጠጋል። ከ60 ቶን በላይ የሚመዝነው ኤብራምስ ታንክ በሰንሰለቱ ላይ ተዘርግቶ መሬቱን የሚጫነው በካሬ ሜትር 10 ቶን ገደማ ነው። ቀላሉ ሜካችሁ መሬቱን ከከባዱ ታንክ አራት እጥፍ ይጫነዋል ማለት ነው። ታንክ የሚያልፍበት ረግረግ ሜኩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይውጠዋል። ነጂው ያንን እግር ለመንቀል ሌላኛውን ሲጫን ያኔ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

መውደቁስ? የነጂው መቀመጫ ከመሬት 3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ሜኩ ሲወድቅ ነጂው መሬቱን የሚያገኘው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ግድግዳ ሲገጭ አስቡት። አንድ ቁርጭምጭሚት ከተመታ ይህ አይቀርም። ባለሁለት እግር ከገዛችሁ የሚሸመቅቅ መቀመጫና ጠንካራ ቀበቶ የግድ ነው።

ባለአራት እግሩ

"አራት እግር ሁለት እጥፍ ይከብዳል" የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥሩ እንደዚያ አይልም። ዛሬ የሚሠሩት ባለአራት እግር ሮቦቶች በተለምዶ በእያንዳንዱ እግር ሦስት ሞተር አላቸው። በድምሩ 12። ሰው መሰል ሮቦት ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ቁርጭምጭሚቱም ዳሌውም በየአቅጣጫው መታዘዝ ስላለበት በእግር ስድስት ያህል ይፈልጋል። ያም 12 ነው። የመገጣጠሚያው ሂሳብ እኩል ወጣ።

ከዚያ በኋላ ትርፉ ብዙ ነው። ሲሮጥ በብዛት ሁለት እግር አብሮ ስለሚያርፍ የመሬቱ ጫና በግማሽ ይቀንሳል። አንድ እግር ቢቆረጥ በሦስቱ እያነከሰ ይወጣል። አራቱን አጥፎ ሆዱን መሬት ሲያስነካ ከ2 ሜትር ያልበለጠ ጉብታ ይሆናል። ሲተኩስም የመድፉ ግፊት አያንገዳግደውም። ለመታጠፍም፣ ለመቆምም አራት የሚይዝ እግር አለው።

ጉድለቱ ከነጂው ጋር ነው። የሰው አካል አራት እግር አያውቅም። በ1960ዎቹ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች በእግር የሚሄድ ጭነት ማሽን ሠርተው ነበር። ነጂው የፊት እግሮቹን በእጁ፣ የኋላዎቹን በእግሩ ነበር የሚያዘው። ማሽኑ ሄደ፣ ነጂው ግን ቶሎ ደከመ። ዛሬ ብትጽፉት ኮምፒውተሩ እግሮቹን ይያዝ፣ ሰውየው "ወዴት" የሚለውን ብቻ ይወስን።

ጎማ ያለው

አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ ፍርስራሽ ሲያጋጥመው ጎማውን ቆልፎ ይራመዳል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል። በእውነተኛው ዓለም ሰው የሚነዳቸው ሁለት የጃፓን ግዙፍ ሮቦቶችም ወደዚህ ነው የሄዱት። በ2012 የታየው ኩራታስም፣ በ2023 የቀረበው 4.5 ሜትር ቁመትና 3.5 ቶን ክብደት ያለው አርካክስም የቆሙት ጎማ ላይ ነው። የአርካክስ ፍጥነት ደግሞ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ነው። እውነታው እንዲህ ትሑት ነው።

ችግሩ ቅድም ያልኩት ነው። ጎማ፣ ፍሬንና ሞተር እግር ጫፍ ላይ ሲጫኑ እግሩ ይከብዳል። መንገድ ላይ ንጉሥ፣ ተራራ ላይ ሸክም ይሆናል። አንባቢም ተንኮለኛ ጥያቄ ይጠይቃችኋል፦ "ጎማ ካለው ለምን መኪና አይሆንም?" ጥያቄው ልክ ነው። ቪዝል የተባለችው የጀርመን ትንሽ ባለሰንሰለት ተሽከርካሪ 2.75 ቶን ብቻ መዝና በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ታሪካችሁ ደረጃ፣ ገደል፣ የፈረሰ ሕንፃ ከሌለበት ቪዝልን ግዙ። ሜክ አትፈልጉም።

ብረቱን የት እናልብሰው?

አንድ ካሬ ሜትር፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት 78 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። የሜኩ ቆዳ በጠቅላላ 40 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በ20 ሚሊ ሜትር ሁሉንም ልሸፍን ስትሉ ከ6 ቶን በላይ ይበላችኋል። ከ8 ቶኑ የቀረውን ቁጠሩት። ሞተሩን በምን ልትገዙ?

የነጂውን ሣጥን ብቻ ብትሸፍኑ ግን 10 ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በ20 ሚሊ ሜትር 1.6 ቶን። ሌላውን በ3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ልበጡት፣ 250 ኪሎ አይሞላም። እግሩ ይበሳል፣ ክንዱ ይበሳል፤ ሰውየው ይተርፋል። ታንክ ከመታው ግን 20 ሚሊ ሜትርም ወረቀት ነው። ይህ ብረት ለመትረየስና ለፍንጣሪ ነው።

ጥይቱን ከነጂው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። በግንቦት 1916 በጀትላንድ የባሕር ውጊያ ለፍጥነት ሲባል ብረታቸው የሳሳ ሦስት የእንግሊዝ መርከቦች ፈንድተው ሰጠሙ። የብረቱ መሳሳት ብቻ አልነበረም ጥፋቱ። ቶሎ ለመተኮስ ሲባል ባሩዱ ያለ ጥንቃቄ ይያዝ ስለነበር እሳቱ ወደ ማከማቻው የሚሄድበት መንገድ አገኘ። የሜካችሁ ጥይት ጀርባው ላይ፣ ሲፈነዳ ወደ ውጭ በሚከፈት ክዳን ሥር ይሁን።

ስለ ኃይል ብዙ አልልም። አንድ ኪሎ ናፍጣ ከአንድ ኪሎ ሊቲየም ባትሪ ከ40 እጥፍ በላይ ኃይል ይይዛል። ሞተሩ አብዛኛውን በሙቀት ቢያባክነውም ናፍጣው ያሸንፋል። ትንሽ ባትሪ ግን ጨምሩ። ሞተሩን አጥፍቶ የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር በዝምታ የሚጠጋ ሜክ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

እኔ ብገዛ

ታሪኩ ከተማ ውስጥ፣ ሕንፃ ለሕንፃ ከሆነ ባለሁለት እግሩን እወስዳለሁ፤ መውደቁንም ከነሕመሙ እጽፈዋለሁ። ረጅም የአስፋልት ማሳደድ ካለበት ጎማውን። ጫካና ተራራ ከሆነ፣ ወይም ገና ካልወሰንኩ፣ ያለ ጥርጥር ባለአራት እግሩን።

ሂሳቤም ይኸው። ለእግርና ለመገጣጠሚያ 3.2 ቶን፣ ለአጽሙ 900 ኪሎ፣ ለሞተር፣ ለነዳጅና ለባትሪ 1 ቶን፣ ለብረት ልብሱ 1.9 ቶን፣ ለነጂው፣ ለመቀመጫውና ለኤሌክትሮኒክሱ 400 ኪሎ። 600 ኪሎ ተረፈኝ። አፓቼ ሄሊኮፕተር አገጭ ሥር የተሰቀለው 30 ሚሊ ሜትር መድፍ 60 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው። እሱን አነሳለሁ። የቀረውን ግማሹን ለጥይት፣ ግማሹን ለጭስ ቦምብ። 1 ኪሎ ሜትር ላይ ታንክ ድንገት ካጋጠመኝ የምፈልገው ጭሱን ነው።