ልጄን ኮዲንግ ያስተማረልኝን ልጅ አመስግኑልኝ!

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዲህ በአደባባይ መጻፍ ልማዴ አይደለም፣ ዝም ብል ግን እግዜሩም አይወደው። የ11ኛ ክፍል ልጅ አለችኝ፣ ኮምፒውተር ካገኘች እህል ውሃ የማያምራት። ክረምት ላይ ኮዲንግ ካልተማርኩ ብላ ወጥራ ስትይዘኝ አንድ ማሰልጠኛ አስመዘገብኳት፣ ስሙ ይቅር። ክፍያው ቀድሞ፣ ደረሰኝ ስትጠይቂ ነገ ነይ፣ ልጆቹ ታጭቀው አንድ ኮምፒውተር ለሦስት፣ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የጻፈውን መገልበጥ ብቻ። አልገባኝም ስትለው "ይሄ ለሁሉም ሰው አይሆንም" ብሏት እያለቀሰች መጣች። ሌላ ቦታ ወሰድኳት፣ እዛም ያው፣ ሰርተፍኬቱ ብቻ ነው የሚያምረው። ብሬ ተበላ፣ እሱስ ይሁን፣ ልጅቷ "እኔ ደደብ ነኝ" ማለት ስትጀምር ነው አንጀቴ የተቃጠለው።

ከዛ ጎረቤቴ ይሄን ልጅ ጠቆመችኝ፣ ቤት ለቤት እየሄደ ፓይተን የሚባለውን የኮዲንግ ቋንቋ የሚያስተምር ወጣት ነው። መጀመሪያ ያሰራት ሳንቲም መወርወር ነው፣ ማለት ኮምፒውተሩ ራሱ የወረወረ ይመስል ዘውድ ወይ ጎፈር እንዲል። እኔ ቡና እያፈላሁ አያለሁ። ልጄ ጻፈች ጻፈችና ሺ ጊዜ ወርውር ስትለው ሺውም ዘውድ! ድጋሚ ስታስነሳው ሺውም ጎፈር! ፊቷ ልውጥ አለ፣ በቃ ልታለቅስ ነው አልኩ። እሱ ኪቦርዱን አልነካም። ከኪሱ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ "እስኪ ወርውሪው" አላት (አሁን ሳንቲሙ ላይ ዘውድ የታለና፣ ሚዛኑን ዘውድ አንበሳውን ጎፈር ተባባሉ)። ወረወረች፣ አንበሳ። "ጻፊው"፣ ጻፈች። "አሁንም ጻፊው"፣ ጻፈች። "አሁንም።" እስክሪብቶዋን ጣል አድርጋ "እንዴ! አንዴ ብቻ እኮ ነው የወረወርኩት!" ብላ ጮኸች፣ ከዛ የሆነች መስመር ከላይ ወደ ታች አወረደች፣ ሰራ!! ምኗን እንዳወረደች አትጠይቁኝ፣ እኔ ያየሁት ጥርሷን ነው።

አስር ጊዜ ብቻ ስታስወረውረው 7 ለ 3 ወጥቶ አበሸቃት፣ እሱ "ጨምሪበት፣ ጨምሪበት" እያለ 10,000 አደረሳት፣ ያኔ ግማሽ ለግማሽ ለመሆን ትንሽ ቀረው። በዛው ጆን ኬሪች ስለሚባል የሂሳብ ሰው አጫወተን፣ በ1940 እ.ኤ.አ ጀርመን ዴንማርክን ስትወር እዛ ተይዞ የቀረ ነው አሉ፣ ካምፕ ውስጥ ሆኖ የእውነት ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሮ 5,067ቱ ዘውድ ሆነለት። ኮምፒውተሩ እኮ ዓይኔን ሳላርገበግብ ነው የጨረሰው! ማታ ራት ላይ ለአባቷ ስትተርክለት ሰውዬው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ፣ እኛ በሳንቲም የኳስ ሜዳ ከመምረጥ ሌላ ምን እናውቅና።

አሁን 5 ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለውን ነጻ የኦንላይን ስልጠናም እሱ ነው ያስጀመራት፣ ነጻውን ትምህርት ደብቆ የራሱን ብቻ መሸጥ ይችል ነበር እኮ። መብራት ሲሄድ እንኳን በወረቀት ይቀጥላል እንጂ ሰዓቱን አይቆጥርም። ትዕግስቱን እግዚአብሔር ይባርክለት፣ ያሳደገችው እናት ትባረክ!

ወላጆች እባካችሁ ገንዘባችሁን አትበትኑ፣ ልጅ ያላችሁ ይሄን ልጅ ያዙት፣ ደግሜ እላለሁ ያዙት። ስልኩን አስፈቅጄዋለሁ፣ ኢንቦክስ ያላችሁኝ ሁሉ እልካለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የኛ ነው፣ እሱን እንዳትነኩብኝ 😄