ከጆሮ ጀርባ የሚውለውን ግዙ

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ለአባቴ የመስሚያ መሣሪያ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» መልሴ ለሦስቱም አንድ ነው፦ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው፣ በጆሮው ልክ ከተሠራ መሰኪያ ጋር። ይህን ያወቅኩት ለእናቴ ሁለት ጊዜ የማይሆን ዕቃ ገዝቼ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ርካሹን ነበር። ካርቶኑ ላይ «ዲጂታል» ይላል። እናቴ ሁለት ቀን አድርጋው አወለቀችው። «ልጄ፣ ጩኸቱ ይሰማኛል፤ ወሬው ግን አይገባኝም» አለችኝ። ኋላ ሲበላሽ ከፈትኩት። ማይክሮፎን፣ ትንሽዬ ስፒከርና ድምፅ መጨመሪያ እንጂ ሌላ የረባ ነገር አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። «ሠራ» እና «ፈራ» ይምታታሉ። ርካሹ ማጉያ ሁሉንም እኩል ያጮኸዋል። በር ሲዘጋ ጆሮ ይበሳል፣ «ሠራ» ግን ያው «ፈራ» እንደሆነ ይቀራል። እውነተኛው መሣሪያ በኦዲዮግራም፣ ማለትም በመስማት ምርመራው ውጤት ተመርቶ የጎደለውን ድምፅ ለይቶ ይጨምራል። ስለዚህ ኦዲዮግራም ሳይጠይቅ መሣሪያ የሚሸጥላችሁን ሰው ተጠራጠሩ። የታወቀ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድም አለ። ከመክፈላችሁ በፊት «ኮምፒውተር ላይ አገናኝተው ያሳዩኝ» በሉ። የአምራቹ ሶፍትዌር ካላወቀው ጥላችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ስህተቴ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚደበቀው ነው። አይታይም፣ ያምራል። ግን ሙሉ አካሉ የሚውለው ኩክና እርጥበት ውስጥ ነው። የእናቴ ቶሎ ቶሎ ይደፈን ነበር። ቅርፊቱ ለእሷ ጆሮ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለጥገና ወደ ፋብሪካ ይላካል። እስኪመለስ ሳምንታት ያለ መሣሪያ ቆየች።

ባትሪውንም አስሉት። ትንንሾቹ የሚጠቀሙት ቁጥር 10፣ ቢጫ ምልክት ያለው፣ ከ3 እስከ 7 ቀን ያገለግላል። ከጆሮ ጀርባ የሚውለው ቁጥር 13፣ ብርቱካናማው፣ ከ6 እስከ 14 ቀን ይሄዳል። ለሁለት ጆሮ በአማካይ ብንይዘው የመጀመሪያው በዓመት 146፣ ሁለተኛው 73 ባትሪ ይበላል። መሣሪያው አምስት ዓመት ቢያገለግል ልዩነቱን አባዙት። ደግሞ ተለጣፊው ከተነሣ ባትሪው አየር አግኝቶ መሥራት ይጀምራል፤ መልሶ መለጠፍ አያድነውም። ቻርጅ የሚደረገው ለደከመ ጣት ይመቻል፤ ግን የውስጡ ባትሪም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። ለመቀየር ስንት እንደሚያስከፍሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስፒከሩ በቀጭን ሽቦ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት መካከለኛ ነው። ኩክ ስፒከሩን ይገድለዋል፤ ግን ማጣሪያውም ስፒከሩም ለብቻ ይቀየራል።

እኔ የምደግፈው ውድ ክፍሉ ሁሉ ከጆሮ ጀርባ የሚቀረውን ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ቱቦና መሰኪያ ብቻ ነው። መሰኪያው ተነቅሎ በለብታ ውሃ ይታጠባል። ቱቦው በጥቂት ወራት ይደርቃል፣ ይቢጫል፤ መቀየሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለከባድ የመስማት ችግርም አቅም ያለው ይህ ነው። ማፏጨት ከጀመረ ብዙ ጊዜ መሰኪያው ላልቷል ወይም ጆሮው ኩክ ይዟል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አዲስ መሣሪያ የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ በጣም ያናድዳል።

የአፕል ገመድ አልባ ማዳመጫ፣ ኤርፖድስስ? ኤርፖድስ ፕሮ 2 በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለመስሚያነት ፈቃድ አግኝቷል። ግን ቀላልና መካከለኛ ችግር ላለባቸው አዋቂዎች ብቻ ነው። ቻርጁም ቀኑን ሙሉ አያደርስም።

ገንዘብ ካጠረ አንድ በጣም ውድ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ግዙ። ድምፅ ከየት እንደመጣ ለመለየትም፣ በጫጫታ መካከል ለመስማትም ሁለት ጆሮ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ጆሮውን ሐኪም ይየው። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ነው። አንድ ጆሮ በድንገት ከደነቆረ ደግሞ መሣሪያ አትፈልጉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ዋጋ ስትደራደሩ ከገዛችሁ በኋላ የሚደረገው ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ጠይቁ። እናቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። መጀመሪያ የሳህን ድምፅ በዛባት፣ ተቀነሰላት። ቀጥሎ የራሷ ድምፅ ጎላባት፣ ተስተካከለ። አሁን ማታ ማታ ራሷ ታወልቀዋለች፣ መሰኪያውን በጨርቅ ትጠርገዋለች፣ እርጥበቱ እንዲወጣ የባትሪውን በር ከፍታ ታሳድረዋለች።