ግሬስ ኬሊ ወይስ ኦድሪ ሄፕበርን?

ሁለቱም የሆሊውድ ተዋናዮች እ.ኤ.አ. በ1929 ተወለዱ፤ ሁለቱም ኦስካር ወስደዋል። የሚለያዩት ከትወና በወጡበት መንገድ ነው። ግሬስ 11 ፊልም ሠርታ በ1956 የሞናኮን ልዑል አገባችና ቀረች። በ1962 የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ መልሶ ለትወና ሲጠራት ልቧ ከጅሎ ነበር፤ የሞናኮ ሰዎች ቅሬታ አስቀራት። ዘውድ ያከብራል፣ ያስራልም።

ኦድሪ ለልጆቿ ስትል ገለል አለች እንጂ በሩን አልዘጋችም፤ ሲያሰኛት ትመለስ ነበር። በልጅነቷ፣ በጦርነቱ ዘመን ኔዘርላንድ ውስጥ ረሃብን አይታዋለች። በ1988 ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ እኛው አገር ነው፤ መቀሌ የሕፃናት ማሳደጊያ ድረስ ሄዳለች። በፋሽን ዲዛይነሩ በጂቫንሺ ቀሚስ የምናውቃት ያቺ ቀጭን ሴት፣ እንደ እናቶቻችን ልጅ በጀርባዋ አዝላ የተነሣችው ፎቶግራፍ አለ።

እኔ የኦድሪን መንገድ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ መመለሻው በእጇ ነበር።