የጃማ ዋልካና የቆቦ አሸዋ፦ ዩሪያው የት ይደርሳል?

ከአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። አፈር ውስጥ ቀስ በቀስ ናይትሬት ወደሚባል በውሃ የሚሟሟ መልክ ይቀየራል፤ ሰብሉ ያልወሰደው ከውሃ ጋር ይወርዳል።

ሰሜን ወሎ፣ ቆቦ ሜዳ፣ ወንዝ ዳር ያለውን አሸዋማ ማሳ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዝናቡ አባርቶ ብዙም ሳይቆይ ላዩ ደረቅ ነው። ውሃው የት ሄደ? ወደ ታች፤ ናይትሬቱም አብሮ። እዚያ ደግሞ የመስኖው ውሃ ሳይቀር ከጉድጓድ ይሳባል።

የደቡብ ወሎው የጃማ ዋልካ፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ ግን ውሃ ያቁራል፤ ክረምት ላይ እግር አያስነቅልም። ብዙ ሰው ጭቃው ናይትሬቱን አጣብቆ የሚይዘው ይመስለዋል። አይደለም፤ ሁለቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። የሚያቆየው የውሃው መዘግየት ነው፤ አፈሩ አየር ሲያጣም ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ይበትኑታል። ጉድጓዱ ይተርፋል፣ ገበሬው ማዳበሪያውን ይከስራል። አንድ ጉድ ግን አለው፦ በጋ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ሽው ብሎ ይወርዳል።

ለጉድጓድ ውሃ ከሆነ እኔ ዋልካውን እመርጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። አሸዋው ላይ የሚያርስ ሰው ዩሪያውን በአንዴ ከሚደፋው ከፋፍሎ ቢሰጥ ይሻለዋል።