ጉርድ ፎቶግራፍ በኢንስታክስ ሚኒ 12፦ ከጣና ዳር የስምንት ወር ሙከራ

ፎቶ ቤቴ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጀልባ መሳፈሪያው ብዙ ሳይርቅ የምትገኝ ጠባብ ክፍል ናት። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የሐይቁ ሰዎች ናቸው። ከዘጌና ከደቅ ደሴት በጀልባ ይመጣሉ፣ የባንኩን ወይም የቀበሌውን ጉዳይ ይጨርሳሉ፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ጉርድ ፎቶግራፉን የሚፈልጉት ጀልባዋ ሳትነሳ ነው። መብራት ካለ አነሳለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ አስተካክላለሁ፣ አትማለሁ፣ እቆርጣለሁ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም። መብራት በጠፋ ዕለት ግን «ነገ ይምጡ» ማለት ለእነዚህ ሰዎች አንድ የሥራ ቀንና የደርሶ መልስ ሒሳብ ማስከፈል ነው። ይህን ቃል መናገር ስለሰለቸኝ ነው የፉጂፊልምን ኢንስታክስ ሚኒ 12 የገዛሁት። እኛ በልማድ «ፖላሮይድ» የምንለው፣ ፎቶውን በሆዱ አትሞ ወዲያው የሚያወጣ ዓይነት ካሜራ ነው።

እውነተኛውን ፖላሮይድ የማውቀው ሙያውን ካስተማረኝ ከአጎቴ ነው። ፊቱ ላይ አራት ሌንስ የተደረደረበት፣ ለጉርድ ተብሎ የተሠራ ካሜራ ነበረው። አንድ ጊዜ ሲጫኑት አራት ተመሳሳይ ምስል ያነሳል። አጎቴ የወረቀቱን ጫፍ ይዞ ሳያቋርጥ፣ እኩል በሆነ ጉልበት ይስበዋል። ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ከጥግ ጀምሮ ያላቅቃቸዋል። አንደኛው ይጣላል፤ ሌላው ላይ አራት ፊት ተሰልፎ ይገኛል። የእኔ ሥራ የሚጣለውን ወረቀት እጄን ሳያስነካ ማስወገድ ነበር፣ ምክንያቱም ላዩ ላይ የሚቀረው ውህድ ቆዳ ያቃጥላል። ከዚያም አራቱን ፎቶዎች በመቀስ እለያያለሁ። ፖላሮይድ የፊልም ምርቱን እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2008 አስታወቀ። ለዚያው ዓይነት ካሜራ ይሆን የነበረውን ኤፍፒ 100ሲ የተባለ ፊልም ደግሞ ፉጂፊልም በ2016 ተወው። የአጎቴ ካሜራ አንዳች ሳይጎድለው ፊልም አጥቶ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ሚኒ 12ን ስገዛ በልቤ የነበረው ያ ካሜራ ነው።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። በእጅ ባትሪ ውስጥ የምናስገባው ዓይነት ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ይፈልጋል፤ አንድ ጥንድ ለ100 ፎቶ ያህል ይበቃል ይላል አምራቹ፣ የእኔም ልምድ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ሌንሱን ሲያዞሩት ይበራል። አንድ እሽግ ፊልም 10 ቅጠል ይይዛል። እሽጉ በሁለት ጎኑ ይያዛል እንጂ ጀርባው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አይጫኑም፤ ቢጫው መስመር ከካሜራው ቢጫ ምልክት ጋር ተገጥሞ ይገባል። በሩ ተዘግቶ መጀመሪያ ሲጫኑ የሚወጣው ጥቁር ሽፋን ነው፤ ከዚያ ቁጥሩ 10 ይላል። ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን ድረስ በሩን መክፈት የለም። እኔ በሁለተኛው ቀን «በትክክል ገብቶ ይሆን?» ብዬ ከፈትኩት። ከላይ የነበሩት ቅጠሎች ተቃጥለው ባዶ ነጭ ሆነው ወጡ።

ርቀቱ ላይ ብዙ ደክሜያለሁ። ካሜራው ሁለት አቋም አለው፤ የተለመደው ከግማሽ ሜትር ወደ ሩቅ ነው፤ ሌንሱን አንድ ደረጃ ጨምረው ሲያዞሩት ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ላለ ቅርበት ይሆናል። ለጉርድ የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው። ሆኖም በ30 ሴንቲሜትር ካነሱ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰው የማይመስለውን መልክ ይዞ መታወቂያ ላይ ሊለጠፍ ነው። በ50 ሴንቲሜትር ጭንቅላቱ ወረቀቱ ላይ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ 3 በ4 ለሆነ ጉርድ ተስማሚ ነው። ስለዚህ ከካሜራው ማንጠልጠያ ላይ ግማሽ ሜትር ሲባጎ አስሬ ጫፉን ቋጠርኩ። ቋጠሮውን ወደ ደንበኛው ጉንጭ አስጠግቼ ሲወጠር እለቀዋለሁ፣ አነሳለሁ። በተለመደው አቋም ሆኜ በዚሁ ርቀት ያነሳኋቸው ግን ሁሉም ፊታቸው ወደ ጎን ተገፍቶ ወጣ፤ መመልከቻው ከሌንሱ ጎን ስለሆነ ዓይን የሚያየውና ሌንሱ የሚያየው በቅርበት አይገናኙም። የቅርቡ አቋም ላይ ሲደረግ መመልከቻው ራሱ ይህን ያስተካክላል። መነጽር ያለው ሰው ካለ አገጩን ጥቂት ዝቅ ያድርግ፤ አለዚያ ፍላሹ መነጽሩ ላይ ያርፋል።

ብርሃኑን በተመለከተ ግን አንድ ቀን የሆነውን መናገር ይሻለኛል።

ቅዳሜ ነበር፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ገቡ። ከዘጌ ነው የመጡት፤ ቡናቸውን ሸጠው የቁጠባ ደብተር ሊያወጡ ባንክ ሄደው ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አምጪ ተብለዋል። «መብራት የለም አሉኝ፤ ልመለስ እንግዲህ ልጄ?» አሉኝ። «የለም እማማ፣ ይቀመጡ። ይህኛው መብራት አይፈልግም» አልኳቸው። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ከኋላቸው ሁልጊዜ የምዘረጋው ነጭ አቡጀዴ አለ፤ ራሳቸው ላይ ያጣፉት ነጠላ እንደ በረዶ የነጣ ነው። ሲባጎውን ለካሁ፣ አነሳሁ። የወጣው ፎቶ ላይ የነጠላው ጥለት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የእማማ ፊት ግን ጠቁሮ ከዓይናቸው በቀር የሚለይ ነገር የለውም። ከአቡጀዴው ላይ ደግሞ የራሳቸው ጥላ እንደ ሁለተኛ ሰው ቆሟል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካሜራው ብርሃን የሚለካው ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ደምሮ እንጂ የሰውን ፊት ለይቶ አይደለም። ነጩ ጨርቅና ነጩ ነጠላ ብርሃኑን መልሰው ሲረጩበት «በቃኝ» ይልና ፍላሹን ይቀንሳል። ጠይም ቆዳ ደግሞ የሚያስፈልገውን ሳያገኝ ይቀራል። ፍላሹን ማጥፋትም ማጠንከርም አይቻልም፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ይበራል። እኛ በዚህ አገር ፎቶ የምናነሳው ጠይምና ጥቁር ፊት ነው፣ እናቶቻችንም ነጭ ለባሽ ናቸው። ይህንን ያላሰበ ካሜራ ላይ ፎቶ አንሺው ራሱ ማሰብ አለበት። በርጩማውን ወደ በሩ አወጣሁትና የቀኑ ብርሃን በጎን እንዲያርፍባቸው አደረግሁ። አቡጀዴውን አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አራቅሁት፤ ጥላው ከዚያ በኋላ አልታየም። ነጠላውን ወደ ትከሻቸው ዝቅ እንዲያደርጉ ጠየቅኳቸው፤ ጭናቸው ላይ ደግሞ ሌላ ነጭ ጨርቅ ዘረጋሁ፣ ብርሃኑን ከታች ወደ አገጫቸው እንዲመልስ።

ሁለተኛው ቅጠል ነጭ ሆኖ ወጣ። መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ልጁ እጁን ዘርግቶ ሊያርገበግበው ፈለገ፤ ከለከልኩት። ከቅጠሉ ጠርዝ ሥር ምስሉን የሚያወጣ መድኃኒት (ኬሚካል) የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች፤ ፎቶው ሲወጣ በሁለት ጥቅልሎች መሐል ስታልፍ ትፈነዳና መድኃኒቱ በንብርብሮቹ መካከል ይሰራጫል። ማርገብገብም ማጠፍም ቢጎዳው እንጂ አያፋጥነውም። 90 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። ልጁ «አሁን አይታይም?» አለ። የዚህን ዓይነት ካሜራ የፈጠረው የፖላሮይድ መሥራች ኤድዊን ላንድም እ.ኤ.አ. በ1943 ፎቶ ሲያነሳት የሦስት ዓመት ልጁ ለምን አሁኑኑ እንደማታየው ስለጠየቀችው ሐሳቡ እንደመጣለት ይናገር ነበር። መጀመሪያ የዓይኖቻቸው ጥላ መጣ፤ ቀጥሎ የማተቡ ክር፣ የሽሩባቸው መስመር፤ በመጨረሻ ቆዳቸው ቀስ እያለ ቀላ፣ ሞቀ። «እሰይ! ይህችስ እኔ ነኝ» አሉ እማማ።

ሁለት እንዲሆንላቸው ሌላ አንድ አነሳሁ። ኔጋቲቭ የለውም፤ ሁለተኛ ኮፒ ማለት ሁለተኛ ቅጠል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ በካሜራው ተደስቼ ነበር። ጥፋቱ ከዚህ በኋላ መጣ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

የሚኒ ቅጠል 54 በ86 ሚሊሜትር ነው፤ ምስሉ ብቻውን 46 በ62 ነው። የባንኩ ቅጽ ላይ ያለው ሳጥን 3 በ4 ሴንቲሜትር። የአጎቴን ወረቀት እንደምቆርጠው ይህንንም በምላጭ ቆረጥኩት። የአጎቴ ወረቀት ግን ከተላቀቀ በኋላ አንድ ነጠላ ወረቀት ነበር፤ ይህኛው እንደተጣበቀ የሚቀር፣ መሐሉ መድኃኒት ያለበት የታሸገ ንብርብር ነው። ጠርዙን ስቆርጠው ተከፈተ። እማማ ባንክ እስኪደርሱ ድረስ የአንደኛው ጥግ ተላጥቶ ከሥሩ ጥቁሩ ታየ፤ ሁለተኛውም መገንጠል ጀምሮ ነበር። ሠራተኛዋ አልቀበልም አለች፤ አልፈርድባትም። እማማ ተመልሰው ሲመጡ ጀልባዋ ሄዳለች፤ ያን ሌሊት ዘመድ ቤት አደሩ። ቅጠሉን መቁረጥም መላጥም እንደማይገባ፣ ውስጡ ያለው ነገር ቆዳና ዓይን እንደሚጎዳ አምራቹ አስጠንቅቋል። ከመሸጤ በፊት ማንበብ የነበረብኝ ያንን ነበር። ገንዘባቸውን መለስኩ፤ የማደሪያቸውን ጭንቀት ግን መመለስ አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ በቀጣዩ ቀንም፣ በሳምንቱም ቆርጬ ሞክሬያለሁ። ቢደርቅም ጥጉ አይታመንም፤ ጠርዙን በሙጫ ያሸግኩት ይሻላል፣ ነገር ግን «ወዲያው» የሚለው ነገር ያኔ የለም። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ቅጽ ላይ ለሚለጠፍ 3 በ4 ጉርድ ሚኒ 12ን አትግዙ። ዋጋውም አያዋጣም፤ እኔ በገዛሁበት ዋጋ የአንዲት ቅጠል ሒሳብ ብቻውን፣ መብራት ሲኖር አትሜ ከምሸጠው ሙሉ የጉርድ ስብስብ ይበልጣል።

ለምን አልሸጥኩትም? አንድ ቀን የጀልባ ሾፌሮች ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ባጅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያን ዕለትም መብራት የለም። አንዱ ሾፌር ባዶ የፕላስቲክ መያዣውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ያልተቆረጠ ቅጠል አንስቼ ብከተው ልክ ሆነ፤ ለካ የሚኒ ቅጠል መጠኑ ከባንክ ካርድ ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ከታች ያለው ሰፊ ነጭ ጠርዝ ላይ ስምና የጀልባ ቁጥር በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፍኩ። መቁረጥ የለ፣ ማጣበቅ የለ። ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ባጁ ደረታቸው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአስጎብኚዎች፣ ለአንድ ዕድር መዝገብ፣ ለስብሰባ እንግዶች በዚሁ መንገድ ሠርቻለሁ። ሙቀት በሚያሽግ ፕላስቲክ ውስጥ ግን አላስገባውም።

ለ3 በ4ቱ ሌላ መፍትሔ አግኝቻለሁ። ካነን ሴልፊ ሲፒ1500 የተባለችው ትንሽ ማተሚያ ለብቻው የሚሸጥ ባትሪ ትቀበላለች። ወረቀቷ 10 በ15 ነው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ከዚያ መከላከያ ሽፋን እያለች አራት ጊዜ ወጣ ገባ አድርጋ በ41 ሰከንድ ገደማ ትጨርሳለች። ስምንት ጉርድ ይወጣበታል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ጥጉ አይላጥም። እማማ በሌላ ቅዳሜ ሲመጡ የሰጠኋቸው ከዚህች ነው፤ ያለ ክፍያ።

ሚኒ 12ን ለባጅ የምትገዙ ካላችሁ መጀመሪያ ፊልሙን የምታገኙበትን ቦታ እርግጠኛ ሁኑ፣ ቀጥሎ ካሜራውን። እሽጉ ላይ የማብቂያ ቀኑን እዩ። አምራቹ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ተጠቀሙ ይላል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መጋቢትና ሚያዝያ ይህን በቀላሉ ያልፉታል። እኔ ያልተከፈተውን እሽግ ጎረቤቴ ጭማቂ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ከመጠቀሜ ከአንድ ሰዓት በፊት አወጣዋለሁ። አሁን ካሜራው ላይ ቁጥሩ 7 ይላል። ሌላው እሽግ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው የሚደርሰኝ፤ እስከዚያ ሰባቱን መብራት ለሚጠፋበት ቀን አስቀምጫቸዋለሁ።