ፍላሽ ይዞ አገር ቤት ለሚገባ፦ አዲስ አበባ ላይ የተጠቀምንባቸው ስቱዲዮ፣ ዕቃ አከራይ እና ጥገና ቤት

ጥር የሠርግ ወር ነው። ከውጭ ለቤተሰብ ሠርግ የሚገባ ፎቶ አንሺ ካሜራውን አንገቱ ላይ፣ ፍላሹን ሻንጣው ውስጥ አድርጎ ይመጣል፤ መሸከም ያልፈለገው እዚያው ይከራያል። በ2017 ዓ.ም. ጥር ከአሜሪካ መጥተን አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ቦታ አገልግሎት ወስደናል፦ ቦሌ አካባቢ በሰዓት የሚከራይ ስቱዲዮ፣ አንድ የፎቶ ዕቃ አከራይ፣ መርካቶ ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት። ጥገናው እጅግ ጥሩ፣ ስቱዲዮው ጥሩ፣ አከራዩ ደካማ ነበር። የለያያቸው አንድ ነገር ነው፤ ፍላሽ እምቢ ሲል ከየት ጀምሮ መፈተሽ እንዳለበት ማወቅ።

ከሁሉም የመብራቱ ነገር ይቅደም፤ ከአሜሪካ የመጣን ፍላሽ በመጀመሪያው ቀን የሚያቃጥለው እሱ ነውና። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ጎዶክስ ኤስኬ 400 ሁለትን የመሰሉ ግድግዳ ላይ ተሰክተው የሚሠሩ ፍላሾች ለአሜሪካ ገበያ በ110፣ ለሌላው በ220 ተለይተው ይሸጣሉ። በመልክ አይለዩም፤ የሚለያቸው ጀርባቸው ላይ ወይም ሆዳቸው ሥር የተለጠፈችው ጽሑፍ ናት። «100–240» ካለች ያለ ሐሳብ ይሰኩት። የፖል ሲ ባፍ አንስታይን 640 ለምሳሌ ከ95 እስከ 265 ቮልት ራሱ እየለየ ይሠራል። «110» ብቻ ካለች ግን የሶኬት አዳፕተር አያድነውም፤ አዳፕተር የመሰኪያውን ቅርፅ ይቀይራል እንጂ ቮልቱን አይነካም።

የ110 ፍላሽ የግድ ይሠራ ከተባለ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ፣ የብረት እምብርት ያለው ከባዱ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ቀላል የጉዞ መቀየሪያዎች የኤሌክትሪኩን ሞገድ ስለሚቆራርጡት ለፍላሽ አይሆኑም። መጠኑን እንዲህ ማስላት ይቻላል፦ 400 ዋት ሰከንድ (የአንድ ተኩስ ጉልበት መለኪያ) ያለው ፍላሽ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይሙላ ካልን፣ ብክነቱ ሲጨመር ወደ 600 ዋት ይጠይቃል። የሞዴሊንግ አምፖሉ (ከመተኮሱ በፊት ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ የሚያሳየው ቋሚ መብራት) 150 ዋት ሲደመር አንዱ ፍላሽ 750፣ ሁለቱ 1500 ይሆናሉ። ስለዚህ ከ2000 ዋት ያነሰ ትራንስፎርመር አይግዙ። ስታቢላይዘርም በዚሁ ስሌት ነው የሚመረጠው፤ ለቴሌቪዥን የተገዛች ትንሽ ስታቢላይዘር ሁለት ፍላሽ አትሸከምም።

የእኛ ምርጫ በባትሪ የሚሠራ ፍላሽ ይዞ መግባት ነው። ቻርጀሩ 100–240 ስለሆነ ከመብራቱ ጋር ጠብ የለውም፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። አውሮፕላን ላይ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፤ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ያለው የአየር መንገዱን የተለየ ፈቃድ አይጠይቅም። የጎዶክስ ኤዲ 200 ፕሮ ባትሪ 14.4 ቮልት በ2900 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 42 ዋት ሰዓት ገደማ። የኤዲ 600 ፕሮ 28.8 ቮልት በ2600 ነው፤ ወደ 75 ይመጣል። ሁለቱም ያልፋሉ። የባትሪውን ጫፎች በፕላስተር ይሸፍኑ፤ የዕቃዎቹን ዝርዝር ከነሴሪያል ቁጥራቸው ጽፈው መያዝም ቦሌ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ቢመጣ ይረዳል።

ስቱዲዮው ንጹሕ ነው። ነጩ ባክግራውንድ ሳይጨማደድ ይወርዳል፣ ሶፍት ቦክሶቹ አልተቀደዱም፣ ስታንዶቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ሁለቱ ፍላሾች፣ የንፋስ ማራገቢያው፣ ለሐበሻ ልብሱ የሚሞቀው ካውያና የስልክ ቻርጀሮቹ በአንዲት ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል። የዚህ ውጤት የሚታየው ነጭ ልብስ ላይ ነው። አንዱ ፎቶ ላይ የቀሚሱ የአንገት ጥበብ ክር በክር ይነበባል፤ ቀጣዩ ላይ የጥጡ ሽመና ጠፍቶ ደረቷ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የሙሽራዋ ፊት ይጨልማል። ካሜራው ላይ ግን ምንም ቁጥር አልተነካም።

መነሻውን ለመለየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ግራጫ ካርድ ወይም ግራጫ ወረቀት አንድ ቦታ ያቁሙ፣ ካሜራውን ሙሉ በሙሉ ማኑዋል ያድርጉ፣ ነጭ ማመጣጠኛውንም ይቆልፉ። በ5 ሰከንድ ልዩነት 10 ፎቶ፣ ከዚያ በተቻለ ፍጥነት ሌላ 10 ያንሱ። የመጀመሪያዎቹ እኩል ሆነው የኋለኞቹ ከተዘበራረቁ ፍላሹ ሳይሞላ ነው የሚተኮሰው፤ «ቢፕ» የሚለውን ድምፅ ያብሩና ይጠብቁት፣ ወይም ኃይሉን ከሙሉ ወደ ግማሽ ያውርዱና አይኤስኦውን ከ100 ወደ 200 ከፍ ያድርጉ። የመጀመሪያዎቹም ከተዘበራረቁ ቮልቱን ወይም ቱቦውን (ብርሃኑን የሚሰጠውን መስታወት) ይጠርጥሩ። መልቲሜትር ካለ በኤሲ አድርገው ማከፋፈያው ላይ ይለኩ። ባዶውን 220 አካባቢ የነበረው ፍላሾቹ ሲሞሉ ከ200 በታች ከወረደ መስመሩ አቅም አንሶታል። እዚያ ስቱዲዮ የታየው ይኸው ነው።

የስቱዲዮውን ልጅ ማመስገን ይገባል። ሳይከራከር ካውያውን ወደ ሌላ ክፍል ወሰደው፣ አንዱን ፍላሽ በሌላኛው ግድግዳ ሶኬት ላይ ሰካው፣ ፎቶዎቹም ተስተካከሉ። ማስረዘሚያ ሲያስፈልግ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ይጠይቁ፤ ቀጭኑ ይሞቃል፣ ቮልትም ይበላል፤ ጥቅልሉንም እስከ መጨረሻው ይፍቱት። የፍላሹ ብረት ሲነካ ከነዘረ ብዙ ጊዜ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) የሌለው አዳፕተር ነው የተሰካው፤ ይነቀልና ይቀየር፣ «ትንሽ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

መብራት ሲጠፋ የጠፋበትን ሰዓት ከኪራዩ ይቀንሳሉ፤ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ያዋጣል፣ ሁሉም ቤት አያደርገውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍላሾቹን ነቅለው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ በመምጫው ላይ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በጄኔሬተር ከሆነ ደግሞ የሞዴሊንግ አምፖሉን ያጥፉ፣ ኃይሉንም ከግማሽ በላይ አያድርጉ።

ሌላው የዚህ ስቱዲዮ ችግር ሁለት ሰው ጎን ለጎን በመጋረጃ ተከፍሎ መሥራቱ ነው። ጎረቤት ሲያነሳ የእናንተም ፍላሽ አብሮ ይተኮሳል፣ በእናንተ ተራ ደግሞ ገና አልሞላም። ፍላሹ ላይ «ኤስ 1» የሚል ምልክት በርቶ ከሆነ በብርሃን እንዲቀሰቀስ ተደርጓል ማለት ነው። በሬዲዮ ትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከርቀት በሚያስተኩሰው ዕቃ) ለሚሠራ ሰው አያስፈልግም፤ ይጥፋ።

ወደ አከራዩ እንምጣ። ዋጋው ከስቱዲዮው ይቀላል፣ ዕቃውም በቁጥር ብዙ ነው፤ ሲያስረክቡ ግን አብርተው አያሳዩም። ለካኖን ካሜራ የኒኮን ትሪገር ሰጡ። እንዲህ ያለው ትሪገር ቢበዛ በመሐለኛዋ ነጥብ ፍላሹን ይተኩስ ይሆናል እንጂ ቲቲኤልም (ካሜራው የፍላሹን ኃይል ራሱ የሚመጥንበት) ሆነ በከፍተኛ የሹተር ፍጥነት መተኮስ አይሠራም። በውስጡ የነበረው የባትሪ ድንጋይም የደከመ ነበር። የደከመ ባትሪ ትሪገሩን አያጠፋውም፤ ማሳያው እንደበራ ሦስቴ ይተኩስና አራተኛውን ይዘላል፤ ሰውም ፍላሹን ይጠረጥራል። አልካላይን ወይም ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ከቤት ይዘው ይሂዱ።

ከሁሉ የከፋው አንዱ ፍላሽ ላይ የተገኘው ነው። ከመሰኪያው ሥር ያለችው የፊውዝ ክዳን ስትከፈት በመስታወቷ ፊውዝ ምትክ የተጠማዘዘ የመዳብ ሽቦ ገብቷል። ይህ ዕቃ ውስጡ ሾርት ቢያደርግ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ ሶፍት ቦክሱ ደግሞ ጨርቅ ነው። ሲነገራቸው ሌላ ፍላሽ ሰጡ፤ ያኛውን ግን መልሰው መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጡት ዓይናችን አይቷል። ስለዚህ ከየትም ቢከራዩ ነቅለው ያቺን ክዳን ይክፈቱ። ፊውዟ ላይ የተጻፈው የአምፒር ቁጥር ፍላሹ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ «ቲ» የሚል ፊደል ካለበት ቀስ ብሎ የሚቆርጠው ዓይነት ነው፣ በ«ኤፍ» አይተካም።

ዕቃ ሲረከቡ ከአከራዩ ጠረጴዛ ሳይርቁ ሊያደርጉት የሚችሉት ፍተሻ ይኸውና። ፍላሹን ሰክተው ያብሩና ጀርባው ላይ ያለችውን የሙከራ ቁልፍ ይጫኑ። ምንም ካልበራ ነገሩ ሶኬቱ፣ ገመዱ ወይም ፊውዙ ጋ ነው፤ ገመዱን ከሚሠራው ፍላሽ ጋር ያቀያይሩ። ሁሉም በርቶ፣ ሞልቻለሁ ብሎ ጮሆ፣ ቁልፉ ሲጫን ብርሃን ከሌለ ቱቦው ወይም የሚቀሰቅሰው ክፍል ነው፤ ያንን ዕቃ አይውሰዱት። በቁልፉ በርቶ በካሜራው እምቢ ካለ ግን ፍላሹ ጤነኛ ነው፤ ከትሪገሩና ከካሜራው ጋር ነው ጉዳዩ። ቻናልና አይዲ ቁጥሩ ትሪገሩም ፍላሹም ላይ አንድ ይሁን፣ ግሩፑም (ፍላሹ የተመደበበት ፊደል) አይዘለል። የጎዶክስ ኤክስ ፕሮን በመሰሉ ትሪገሮች ላይ ርቀቱ ከ1 እስከ 100 ሜትር ተብሎ ከተተወ ቅርብ ያለ ፍላሽ ሊዘል ይችላል፤ ለስቱዲዮ ከ0 እስከ 30 ያድርጉት። ትሪገሩ ካሜራው አናት ላይ ባለው የፍላሽ መሰኪያ (ጫማ) እስከ መጨረሻው ገብቶ መቆለፉንም በእጅ ይፈትሹ። በአብዛኞቹ ሚረርለስ ካሜራዎች ላይ ድምፅ አልባው ሹተር በርቶ ከሆነ ፍላሽ አይተኮስም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቃል ኪዳን ሲያነሱ ከርመው ወደ ስቱዲዮ የሚመጡ ሰዎች የሚረሱት ይህን ነው።

ከፎቶው ጠርዝ ላይ ጥቁር ጥላ እንደ መጋረጃ ከወረደ የሹተር ፍጥነቱ በዝቷል። ካኖን 6ዲ 1/180፣ 5ዲ ማርክ 3 1/200፣ ኒኮን ዲ850 1/250 ድረስ ነው ከፍላሽ ጋር የሚሄደው፤ በሬዲዮ ትሪገር ትንሽ መዘግየት ስለሚጨመር 1/160 ወይም 1/125 አስተማማኝ ነው።

መርካቶ ያለው ጥገና ቤት ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳ ሙሉ የተበታተነ ቦርድ። የገባለት ዕቃ በስህተት 220 ላይ የተሰካ የ110 ፍላሽ ነው። ባለሙያው ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ጥያቄው «መቼ ነው የተሰካው? ከዚያ በኋላስ ተተኩሷል?» የሚል ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፍላሽ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ከ300 ቮልት በላይ ይይዛሉ፣ ከሶኬት ተነቅለውም ለረጅም ጊዜ ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ክዳን አይፈታም።

ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ የሚያወርድበት መንገድ በተለይ ደስ ይላል። ሁለት ባለ 60 ዋት ተራ አምፖሎች በተከታታይ ተያይዘው በጎማ የተሸፈነ ሁለት ዘንግ ወጥቶላቸዋል። ዘንጎቹን የካፓሲተሩ እግሮች ላይ ሲያስነካ አምፖሎቹ ቦግ ብለው ቀስ እያሉ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጨለማ ይሄዳሉ። በካቻቢቴ አያነካካም፤ በካቻቢቴ ሲደረግ ካፓሲተሩም ይጎዳል፣ ፍንጣሪውም ዓይን ይመታል። ከዚያ በመልቲሜትር ለካ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ለካ፤ ትልልቅ ካፓሲተር ባዶ ከሆነ በኋላ ጥቂት ቮልት መልሶ ያነሳልና።

የተቃጠሉት ፊውዙና ከመግቢያው ላይ ያለው ቫሪስተር ነበሩ። ቫሪስተር ቮልት ሲበዛ ራሱን ሾርት አድርጎ ፊውዙን የሚያስቆርጥ፣ ክብ ሳንቲም የሚመስል ክፍል ነው፤ እሱ ሞቶ ሌላውን ያተርፋል። ካፓሲተሮቹ አናታቸው አላበጠም፣ አልፈሰሱም። ሁለቱ ክፍሎች ተቀየሩ፣ ዕቃው በትራንስፎርመር ተፈተነ፣ አሮጌዎቹም በፕላስቲክ ተጠቅልለው ተሰጡ። ሳይለካ ዋጋ አልጠራም፣ ከለካ በኋላ የጠራውን አልጨመረም።

እግረ መንገዱን ስለ ቱቦ የሰጠው ምክርም ልክ ነው፦ አዲስ ቱቦ በባዶ እጅ አይያዝም፣ የጣት ቅባት ሲግል መስታወቱን ያዳክመዋል። ጫፎቹ የጠቆሩ ቱቦ አርጅቷል። ዘመድ ቤት ለወራት ተቀምጦ የቆየ ፍላሽም ወዲያው በሙሉ ኃይል አይተኮስ፤ በዝቅተኛው ኃይል አብርቶ አንድ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ጥቂት በሩብ፣ ጥቂት በግማሽ እየተኮሱ መውጣት ነው። ካፓሲተሩ ሳይሠራ ሲቀመጥ የውስጥ ሽፋኑ ይሳሳል፤ በዚህ መንገድ ይመለሳል።

ከአሜሪካ ለመጣ ካሜራ አንድ ነገር ይጨመር። ከፎቶው ጎን ቪዲዮ ከተቀረፀ የስቱዲዮው ኤልኢዲ በ50 ኸርዝ መብራት ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ሊርገበገብ ይችላል፤ ሹተሩ 1/60 ላይ ከቆየ ምስሉ ላይ መስመር ይሄዳል። 1/50 ወይም 1/100 ያድርጉት።

አድራሻን በተመለከተ፣ ፒያሳ የምታውቁት የፎቶ ዕቃ ቤት ከ2016ቱ ፈረሳ ወዲህ ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል፤ ደውላችሁ ሂዱ። አከራዮች መያዣ ይጠይቃሉ። የቀበሌ መታወቂያ ለሌለው ሰው ፓስፖርት ተዉ ይላሉ፤ አትተዉ። እኛ በቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ቅጂና በጥሬ ገንዘብ መያዣ ተስማምተናል። የርክክቡ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ፍላሽ ሴሪያል ቁጥር፣ የአምፖሉና የቱቦው ሁኔታ ይጻፍ፤ ሲመልሱም በእነሱ ፊት የሙከራ ቁልፉን ተጭነው አብርተው ያስረክቡ።