ከሚጣል ካርቶን አንበሳ የሚያሠሩት እትዬ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። እግረ መንገዴንም በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። እኛ ቤት «እትዬ» ነው የምንላቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ እዚህም እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ረጅም ዘመን የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤት ለቤት እየሄዱ ከ1 እስከ 3 ዓመት ያሉ ልጆችን የእጅ ሥራ ያሠራሉ። የሚያሠሩት እንስሳትን ነው። በግ፣ አንበሳ፣ ጉጉት፣ አባጨጓሬ፣ ዔሊ፣ ብቻ ልጁ የወደደውን። ዕቃው ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ያለው ነው።

ሲመጡ የሚይዙት ሽርጥ፣ መቀስና አንድ ጥቅል ፕላስተር ብቻ ነው። ገና አረፍ ከማለታቸው «ልትጥሉት ያሰባችሁት ምን አለ?» ይላሉ። የእንቁላል ካርቶን፣ ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው ጥቅል ካርቶን፣ ጓደኛው የጠፋበት ካልሲ፣ የድሮ ጋዜጣ፣ የጫማ ሳጥን። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስቱን ይመርጣሉ። ሌላውን ከልጆቹ ዓይን ያርቁታል። ብዙ ዕቃ ፊቱ የተዘረገፈለት ልጅ አንዱንም በወጉ አይዝም ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

እኔ እንዲህ እንድወዳቸው ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። እትዬ ዘንድ የሚሠራው ልጁ ነው። የሕፃናት የእጅ ሥራ ተብሎ የምናየው አብዛኛው ነገር እኮ በትልቅ ሰው እጅ የተሠራ ነው። ልጁ መጨረሻ ላይ አንድ ዓይን እንዲለጥፍ ይፈቀድለታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። እሳቸው መቀስ የሚፈልገውን ክፍል አስቀድመው ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያሳርፋሉ። መቅደዱ፣ መጨፍለቁ፣ መለጠፉ፣ መቀባቱ የልጁ ነው። በጉ አምስት እግር ካወጣ፣ አምስት እግር ያለው በግ ነው። ዓይኑ ሆዱ ላይ ቢለጠፍም እዚያው ይቆያል። ልጁ ዞር እስኪል ጠብቀው አያስተካክሉትም። ይሄን በዓይኔ ተከታትዬ ነው የምነግራችሁ።

አንበሳውን ላንሳላችሁ። ልጄ 2 ዓመት ተኩል አልፎታል። እትዬ ከካርቶን ሳህን የሚያክል ክብ ቆርጠው ከቢጫ ከለር ጋር ሰጡት። እንደፈለገ ሞነጫጨረበት። ቀጥለው ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ ቆጥረው አቀረቡለትና «ይሄ አንበሳ እኮ ጎፈር የለውም። ብርድ ይመታዋል» አሉት። በቃ፣ ሌላ ትእዛዝ የለም። ልጄ አንዱን መቆንጠጫ አነሳ። በሁለት እጁ ጨመቀው፤ አልከፈት አለው። ገለበጠው። አሁንም እምቢ። እትዬ ከእጁ አልወሰዱበትም። ሌላ መቆንጠጫ አነሱና አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው የት እንደሚያርፍ እንዲያይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ ከፈት ዘጋ አደረጉት። ልጄ አፉን ከፍቶ አየ። ሞከረ፣ ተስፈነጠረበት። እንደገና ሞከረ። መቆንጠጫው ካርቶኑን ነክሶ ቀረ። ፊቱን ብታዩት! ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው። በአንድ ወገን ጎፈሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ በሌላው ወገን ምንም የሌለው አንበሳ ወጣ። እስከ ዛሬ የዚህን ያህል የተወደደ አንበሳ አላየሁም።

ምክንያቱን ኋላ ላይ አስረዱኝ። መቆንጠጫ መጭመቅ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ያጠነክራል። ነገ እርሳስ የሚይዙት፣ ቁልፍ የሚቆልፉት፣ ዚፕ የሚስቡት እነዚሁ ጣቶች ናቸው። ወረቀት መቅደድም ተራ ነገር አይደለም። ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ ወደ ተለያየ አቅጣጫ መሥራት አለባቸው። መቀስ ግን ለዚህ ዕድሜ ገና ነው። ብዙ ልጆች የወረቀት ጫፍ ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ የሚጀምሩት 3 ዓመት ገደማ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ እትዬ ዘንድ መቀሱ ጣት ነው።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ገና 18 ወሯ ነው። ለእሷ ሙጫ አይሰጧትም። ካርቶኑን በበግ ቅርጽ ይቆርጡና ፕላስተሩን የሚያጣብቀው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይደረድሩበታል። እንዳይንሸራተት ካርቶኑንም ከጠረጴዛው ጋር ያጣብቁታል። የሕፃኗ ሥራ መለጠፍ ብቻ ነው። የተቀደደ ነጭ ወረቀት፣ ብጫቂ ጨርቅ፣ ትንሽ ጥጥ። ደስ ካላት ትነቅለዋለች፣ መልሳ ትለጥፈዋለች። እንዲያውም መንቀሉን ትወደዋለች። እትዬ መንቀልንም ሥራ ነው ብለው ይቆጥሩላታል። ቀኑን ሙሉ «ተይ» ሲባል ለሚውል ልጅ ይሄ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አስቡት።

ከሁሉም ቀላሉ ጉጉቱ ነው፤ ዛሬውኑ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የሶፍቱን ጥቅል ካርቶን አቁሙት። የላይኛውን ጠርዝ ከፊት በኩል በጣታችሁ ወደ ውስጥ ጫን አድርጉት። ከኋላም እንዲሁ። ሁለቱ ጎኖች ሾል ብለው ይቆሙና ጆሮ ይሆናሉ። መቀስ የለ፣ ሙጫ የለ። ክብ ዓይን ከተሳለበት ጉጉት ነው፣ ጢም ከተሳለበት ድመት። ከእንቁላል ካርቶን አንድ ረድፍ ተቆርጦ ሲገለበጥ አባጨጓሬ ይወጣዋል። አንዷ ጉድጓድ ብቻዋን ስትገለበጥ ዔሊ ናት። ካልሲው ክንድ ላይ ሲጠለቅ የዝሆን ኩንቢ ይሆንና ወለሉ ላይ የወደቀውን ሁሉ ማንሳት ይጀምራል።

ጥንቃቄ ላይ ቀልድ የለም። ያችው የሶፍት ካርቶን መለኪያም ናት። በቀዳዳዋ የሚያልፍ ነገር ትንታ ያመጣል፣ ጉሮሮ ይዘጋል ብለው ስለሚሰጉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትተውለት ዞር አይሉም። ለዚህ ነው ጥጡን በየተራ የሚያቀብሉት፣ መቆንጠጫውንም ቆጥረው ሰጥተው ቆጥረው የሚሰበስቡት። ሽቦው የላላውን መቆንጠጫ ቀድመው ያወጡታል። ዶቃ፣ የልብስ ቁልፍና ተለጣፊ የፕላስቲክ ዓይን ጭራሹኑ ጠረጴዛ ላይ አይወጡም። ዓይን ይሳላል። ፊኛም አይገባም። ከተበላሸ መጫወቻ የወጣ ዕቃ አምጥታችሁ ብትሰጧቸው መጀመሪያ የሚያዩት ባትሪውን ነው። ያቺ ትንሽ ክብ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው፣ ጠብቆ ማየት የለም።

ሙጫቸውን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። 1 እጅ ዱቄት በ3 እጅ ውሃ ይበጠብጡና እሳት ላይ ጥደው እስኪወፍር ያማስሉታል። ለምን ይበስላል ብዬ ጠይቄ ነበር። ጥሬ ዱቄት በሽታ የሚያመጡ ተህዋስያን ሊኖሩት ይችላል፣ ልጅ ደግሞ ጣቱን መላሱ አይቀርም አሉኝ። ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ሽታው ከተለወጠ ይደፋል። ስንዴ የማይስማማው ልጅ ካለ ግን ይሄ ሙጫ አይገባም፣ ይሄን ሳይጠይቁ ሥራ አይጀምሩም። የፈሰሰ እንቁላል የነካውን ካርቶንም አይቀበሉም።

አነጋገራቸው ለብቻው ትምህርት ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» እያሉ ልጅ አያፋጥጡም። የሚያዩትን ይናገራሉ። «ቀዩን ከላይ አደረግኸው። አሁን ደግሞ ጨፈለቅኸው፣ ጠፍጣፋ ሆነ።» ልጄ ከላይ፣ ከታች፣ ከውስጥ፣ ከውጭ የሚሉትን ቃላት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲደጋግማቸው ሰምቻለሁ። የእህቴ ልጅ ገና ብዙ አትናገርም። ወደ በጉ እያመለከተች «ባ» ስትል «አዎ የኔ እመቤት፣ በጉ ባ አለ» ብለው ይመልሱላታል። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቋታል። መጠበቁ ላይ ነው የሚለዩት። ትልቅ ሰው ዝምታ ስለሚከብደው ቶሎ ይሞላዋል። እሳቸው ግን ልጅቷ ሌላ ድምፅ እስክታወጣ ድረስ ጊዜ ይሰጧታል።

ልጅ ከጠረጴዛው ሲነሳ ሥራው አለቀ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ 5 ወይም 10 ደቂቃ መቀመጥ ብዙ ነው። «ና ጨርስ» አይሉም። ልጄ አንዳንዴ ዞር ዞር ብሎ ራሱ ይመለሳል፣ አንዳንዴም አይመለስም። ቀሪው ጊዜ በተሠራው እንስሳ ጨዋታ ነው። መጨረሻ ላይ የጫማ ሳጥኑ ይመጣል። ፊቱ ላይ አፉን የከፈተ ጉማሬ ተስሎበታል። ልጆቹ ቁርጥራጩን እየለቀሙ ጉማሬውን ያበሉታል። ቤቱ ይጸዳል፣ ማንም አልተቆጣም።

እትዬ፣ ይሄን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ልጄ ዛሬ አንድ ነገር አልከፈት ሲለው ወዲያው ወደ እኔ አይሮጥም፤ ገልብጦ ያየዋል። ይሄን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ለእህቴ ልጅም ላሳዩት ትዕግስት እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ለእናንተ ደግሞ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ያማረ ሥራ ለምትፈልጉ እሳቸው አይሆኗችሁም። ልጄ ራሱ ይሥራ ለምትሉ ግን ከእሳቸው የተሻለ ሰው አላውቅም። በአንድ ጊዜ ከአራት ልጅ በላይ አይቀበሉም። ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ አንዱ አብሮ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ፤ ልጅ ጥለው የሚወጡበት ሰዓት አይደለም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ የልጁን ዕድሜና የማይስማማውን ነገር ካለ ንገሯቸው። ካርቶንና ካልሲ ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምሩ። ጥጥና ፕላስተር ካላችሁ ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልጋችሁም።